ሰላምታ የበላው ቤንዚን

በዚያ ዘመን አሶሳ ውስጥ ሌባ ለመባል መስረቅ አያስፈልግም ነበር፤ የመንግሥት ሹፌር መሆን ይበቃል። እኔ ደግሞ የመንግሥት ሹፌር ነበርኩ፤ ለዚያውም ቤንዚን የማይጠግብ አሮጌ ጂፕ የተሰጠኝ። መሥሪያ ቤታችን ከብት ይከትባል። እኔ መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን ጭኜ ሆሞሻ አደርስና እመለሳለሁ። መንገዱ ያው መንገድ፣ ጭነቱ ያው ጭነት ነው፤ የጂፑ ጥማት ግን በየሳምንቱ ባሰበት።

ኃላፊያችን ቀርከሃ ቆረጠ፤ በቢላዋ ምልክት አወጣበትና ጠዋት ማታ ታንከሩ ውስጥ ይነክር ጀመር። ዱላውን ሲያወጣ ግን የሚያየው ዱላውን ሳይሆን እኔን ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የኔ ጆሮ ግን አልታደለም፤ ሁሉንም ሰማ። ቤንዚኑን ለወፍጮ ቤት ይሸጣል ተብያለሁ። ወሬው ድባጤ ድረስ ሄዶ እናቴ ጆሮ ቢገባ ምን እንደምትሆን እያሰብኩ እህል አልወርድ አለኝ። በመጨረሻ ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ።

"በሚቀጥለው ሳምንት ሆሞሻ አብሬህ እሄዳለሁ። ስንመለስ ታንከሩ ከግማሽ በታች ከሆነ ቁልፉን ታስረክባለህ። ከዚያ ወዲያ ጉዳይህ ከፖሊስ ጋር ነው" አለኝ። ቁጡ ነኝ፤ ዱላውን ቀምቼ ጉልበቴ ላይ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም። ግን "እሺ ጋሼ" ብዬ ወጣሁ።

በቀጥታ የሄድኩት ፓዌ የትራክተር ሙያ ቀስሞ አሶሳ ጋራዥ ወደከፈተ አንድ ወሎዬ መካኒክ ነበር። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ፈትቶ አየርና ቤንዚን የሚያስገቡትን ቫልቮች አንድ በአንድ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ቫልቭ ነው ባይለኝ ከሰል ነበር የምለው። ጀርባቸው ላይ ጥቀርሻው ደርቆ፣ ተነባብሮ፣ በጥፍር ቢፍቁት አልነቃነቅ ብሏል።

"እንዲህ ታፍኖ እንዴት ይተንፍስ? ቤንዚኑ ግማሹ ሳይነድ ነው የሚወጣው" አለ። ከዚያ ዓይኑን አጥብቦ "ስማ፣ ይሄ ሞተር ቆሞ ይሠራል እንዴ?" ሲል ጠየቀኝ።

ቆሞ ይሠራልን! እዚህ ላይ ስለ አስተርጓሚያችን መናገር አለብኝ። የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ሰባራ ነው፤ ሁልጊዜ ከፊት አጠገቤ ይቀመጣሉ። ከአሶሳ እስከ ሆሞሻ የማያውቃቸው ሰው የለም፤ እሳቸውም ሰላም ሳይሉ የሚያልፉት ሰው የለም። በየመንደሩ "አቁም" ይላሉ። አቆማለሁ። "አሰላሙ አለይኩም" ይጀመራል። ሚስት ትጠየቃለች፣ ልጆች ይጠየቃሉ፣ ፍየሎች፣ ማሽላው፣ ያመመው አጎት ይጠየቃሉ። የተጠየቀውም በተራው ያንኑ መልሶ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሞተሩ አይጠፋም። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ መንገድ ላይ አንዴ ከጠፋ የሚነሣው በሰው ግፊ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ለምኜ ከማስገፋ ጂፑን ብሸከም የምመርጥ ኩሩ ነበርኩ።

"ሽማግሌው ናቸው፤ ሰላምታቸው ነው ያስጨረሰኝ" አልኩት።

"አብሽር" አለና ቫልቮቹን ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፎ አሳደራቸው። በማግስቱ ብረቱ እንዳይጫር ቀርከሃ ሰነጣጥቀን ሁለታችንም መፋቅ ጀመርን። እኔ እያንዳንዷን ፍቅፋቂ የኃላፊውን ስም እየጠራሁ ነበር የማወርዳት። ተገጥሞ ሲነሣ የሞተሩ ድምፅ ሌላ ሆነ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ ብል አላፍርም።

የፈተናው ቀን ኃላፊው ዱላውን አቁሞ ይዞ ከኋላ ተቀመጠ። እኔ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።

"አባባ፣ ዛሬ ማንንም ሰላም አንልም።"

"ሰላም የለም?"

"ዛሬ ብቻ የለም።"

"ሰው ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፣ አባባ። ቤንዚን ነው።"

ፊት ለፊት እያዩ እንደ ሐዘንተኛ ተቀመጡ። የመጀመሪያው መንደር ሰዎች እጃቸውን አነሡ፤ አለፍናቸው። በመስታወት ሳይ እጃቸው እንደተነሣ ነው። አፈርኩ፤ ግን ጂፑ እየበረረ ስለነበር ኀፍረቱ አልቆየብኝም። ሆሞሻ ደርሰን ዱላው ሲነከር ቤንዚኑ ገና ከላይ ነው። ኃላፊውን ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ።

ስንመለስ የጠዋቱ መንደር ጋ መንገዱ በግንድ ተዘግቷል። ሕዝቡ በሙሉ ወጥቷል፤ ሴቶች ያለቅሳሉ። ለካ ሽማግሌው ሰላም ሳይሉ ማለፋቸውን፣ ከኋላቸውም ዱላ የያዘ ሰው መቀመጡን አይተው "ታስሯል" ብለው ሲመክሩ ነው የዋሉት። አንዲት አሮጊት በመስኮት እጃቸውን ሰድደው የኃላፊውን ዱላ መነጨቁት። "እኔ እኮ ነዳጅ ለኪ ነኝ!" እያለ ይጮኻል፤ የሚሰማው የለም።

ሽማግሌው ወርደው ነገሩን ሲያስረዱ ልቅሶው ሳቅ ሆነ። ከዚያ ሰላምታው ተጀመረ፤ የጠዋቱም ውዝፍ ተጨምሮ። ሞተሩ ይንደቀደቃል። በእያንዳንዱ ፍየል ጤንነት ቤንዚኔ ሲነድ፣ ሥራዬ ሲነድ፣ የእናቴ ፊት ሲታየኝ አላስችል አለኝ። ቁልፉን ጠመዘዝኩና አጠፋሁት።

ጸጥ አለ። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ፈገግ አሉ። እኔም ወርጄ ሰላም አልኩ፤ ሁለት ዓመት ስመላለስ የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴ በሕይወት መኖሯን አሮጊቷ ጠየቁኝ። አለች አልኳቸው።

ልንሄድ ስንል ሞተሩ ያለ ግፊ እንደማይነሣ ትዝ አለኝ፤ እንዴት ብዬ ነው ግፉልኝ የምለው? አፌን ሳልከፍት መንደሩ ከጂፑ ኋላ ተሰልፏል። አሮጊቷ በዱላው ጠቆም ሲያደርጉት ኃላፊውም ወርዶ ገፋ። ሞተሩ አሥር እርምጃ እንኳ ሳይሄድ ተነሣ።

"አባባ፣ ሳንለምናቸው ገፉን እኮ" አልኩ፣ መንገድ ከያዝን በኋላ።

"አንተ ሞተር አያጠፋም" አሉ። "ሁለት ዓመት አያጠፋም። እኔ ሰላም የሚል ለምንድነው? አንድ ቀን መኪና ይቆማል፣ ሰው ይገፋል። ሰላም የማይል ሰው፣ ማን ይገፋል?"

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ጥቀርሻውን ያበቀለው የኔ ኩራት ነበር፤ ያሳበብኩት በሳቸው።

አሶሳ ስንገባ ኃላፊው ወርዶ ታንከሩን ከፈተና ዱላውን ፈለገ።

"ያ ሴትዮ ወስዷል" አሉ ሽማግሌው።

ኃላፊው ትንሽ አሰበ። ጂፑን በሁለት እጁ ወዝውዞ ጆሮውን ታንከሩ ላይ ለጠፈ። ቤንዚኑ ከውስጥ ተንቦጫቦጨ፤ እኔ ከቆምኩበት ይሰማኛል። ቀና ሲል ጆሮው ጠቁሯል፤ ዓይኔን ግን አላየኝም።

"ከግማሽ በላይ አለ" አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ነገ አዲስ ባትሪ አስጠይቅልሃለሁ" አለኝ።

ሽማግሌውን አየኋቸው። ከመኪናው ወርደው ከዘበኛው ጋር ሰላምታ ጀምረዋል።

"ባትሪው ይቆይ፣ ጋሼ" አልኩት።