የተሰረቀች ባዝራ ያየ አለ?

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ፌቨን ስልኳን ሶፋው ላይ ወርውራ አለቀሰች። የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳለች፤ የሙያ ፈተና የምትቀመጥበትን ቦታ ከኮሌጇ ድረ ገጽ ላይ ስትፈልግ ነበር የዋለችው።

"ሰርዘውኛል እማማ! 'ምንም አልተገኘም' ይላል። ያቺ የሬጅስትራር ጸሐፊ ናት። ድሮም አትወደኝም።"

"ስትሰርዝሽ አይተሻታል?"

"ታዲያ ማን ሊሆን ይችላል?"

ደነገጥኩ። የደነገጥኩት በፈተናው አይደለም። ስልኩ "አልተገኘም" ካለበት ጊዜ አንስቶ አንዲት የማላውቃት ሴት ወንጀለኛ እስክትሆን ድረስ የቀዳሁት ሻይ እንኳ አልበረደም።

"ምን ብለሽ ነው የጠየቅሽው?" አልኳት።

በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ "እኔ ፌቨን የነርስነት ፈተና የምፈተንበት ቦታ የት ነው" ብላ ጽፋለች። ለእናቷ የምትጽፍ ነው የሚመስለው።

"እሱ አንቺን ከየት ያውቅሻል? ማስታወቂያውን ያወጣው ሰው አርእስቱን ምን ብሎ ይጽፈዋል? እንደ እሱ ጻፊ።"

እያኮረፈች "የፈተና ጣቢያ" ብላ ጻፈች። ያምናውም የካቻምናውም ማስታወቂያ ተግተለተለ። "አሁን የኮሌጅሽን ከተማ፣ አሰላን ጨምሪበት" አልኳት። ጨመረች። ከላይ ካሉት መካከል የዘንድሮው ወጣ፤ ስሟም ከነአባቷ እዚያው ነበር።

"እማማ፣ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት ይሉ የለም እንዴ? ይህን ማን አስተማረዎት?"

"አንዲት ባዝራ" አልኳት።

ያኔ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ቤታችን ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ጊዜው ኅዳር ነው። ገብሱ ደርሷል፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ እግር ሲረግጠው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። አባቴ ለአጨዳ ከሮቤ በኩል የመጣ ከድር የሚባል ወጣት ቀጥሮ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ማጭድ ሲይዝ ብቻ ያንጎራጉራል። ሥጋ ካልሆነ በቀር ከእኛ ጋር በአንድ ገበታ ይበላል። እናቴ ጭኮ ስታቀርብ፣ ያን በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት እያጣጣመ "እማማ፣ ይህ እጅ አይታመም" ይላታል። እሷም ከሁላችን አስበልጣ ትቆርስለታለች።

አንድ ጠዋት ባዝራችን ከበረት ጠፋች። ዳማ ናት፤ ውርንጭላ ሳለች ጅብ የግራ ጆሮዋን ጫፍ ወስዶባታል። አባቴ ከበቆጂ ማዶ ከገዛት ገና ዓመት አልሞላም። ከድር የሚተኛው ከበረቱ አጠገብ ነበር። በቃ፤ ሌላ ማስረጃ አልተፈለገም። አጎቴ "ያጎረስነው እጃችንን ነከሰን" አለ፤ ቃሉም እስከ ቀትር ሰፈሩን አዳረሰ።

ማታ እናቴ የከድርን እራት ለብቻው በትንሽ ሳህን አድርጋ በሩ አጠገብ አኖረችለት። ሳህኑን አየው፤ እናቴን አያት፤ ሳይነካው ወጣ።  ትናንት ከሁላችን አስበልጣ የቆረሰችለት እጅ ነው!

"እማዬ፣ ሲሰርቅ ያየው ሰው አለ?"

"ዝም በይ።"

"አለ ወይ?"

"ዝም በይ አልኩሽ! ትልልቆቹ ያውቃሉ።"

ትልልቆቹ ያወቁት ነገር ቢኖር ባዝራዋ እስከ ሁለተኛው የበቆጂ ገበያ ካልተገኘች በማግስቱ ጠዋት ከድር በሽማግሌ ፊት እንዲምል መወሰን ነው። በአገራችን መሐላ ቀላል ነገር አይደለም። በውሸት የማለ ዘሩ አይባረክም ይባላል፤ በእውነት የማለም ቢሆን "በስርቆት ያስማሉት" መባሉ አይቀርለትም። ከዚያ በፊት ከተገኘች ግን ይድናል። ስለዚህ አጎቴ ወደ ሁለተኛው ገበያ ሲሄድ ተከተልኩት። "ሴት ልጅ ፈረስ ተራ ምን ትሠራለች?" አለ አባቴን። "የማየት ሥራ" አልኩት።

በቆጂ ስንደርስ አጎቴ የፈረስ ተራው መሃል ቆሞ "የተሰረቀች ባዝራ ያየ አለ?" ብሎ ጮኸ።  ሲከራከር የነበረው ጀርባውን ሰጠ፤ ሲስቅ የነበረው ልጓም ማስተካከል ጀመረ። ደጋግሞ ጮኸ። ባለፈው ገበያም እንዲሁ ሲጮህ ውሎ ባዶ እጁን ነው የተመለሰው። "አየሽ? የለችም። ሸጧታል" አለኝ።

አንዲት ቆሎ ሻጭ አሮጊት በጣቷ ጠራችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ያ ሰውዬ የሚፈልገው ባዝራ ነው ወይስ የሚታሰር ሰው?"

"ባዝራ ነው እንጂ።"

"ታዲያ 'የተሰረቀች' እያለ ማን ሞኝ ነው 'እኔ ግቢ አለች' የሚለው? ምልክቷን ብቻ ተናገሪ።"

"ዳማ ናት፤ ጭራዋ ረጅም ነው፤ አንገቷ ላይ ቀይ የሱፍ ማሰሪያ አለ፤ ወፈር ያለች፣ የዋህ…"

"ልትድሪያት ነው እንዴ? ጭራ ይቆረጣል፤ ማሰሪያ ይፈታል፤ የወፈረም ይከሳል። የማይለወጥ ነገር የላትም?"

"ጆሮዋ። ግራው በጅብ የተቀነጠበ ነው።"

"እሱን ያዢ። ደግሞ በኦሮምኛ ጠይቂ። ፈረስ የሚጠብቁት እኮ እነሱ ናቸው፤ በአማርኛ ለማን ነው የምትጮሁት?"

አጎቴን ትቼ ጋሪዎቹ ወደሚቆሙበት ሄጄ በኦሮምኛ ጠየቅኩ። መጀመሪያ ቸኩዬ "ዳማ ባዝራ" ብቻ አልኩ፤ ሰው ሁሉ የራሱን ዳማ እየጎተተ ከበበኝ። ከዚያ "ጆሮዋን ጅብ የቀነጠበው" አልኩ። ከከበቡኝ ሰዎች አብዛኞቹ ተበተኑ። ጋቢ የለበሰ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

"የትኛው ጆሮዋ?"

"ግራው።"

ሰውዬው ሲተነፍስ ሸክም ያወረደ መሰለ። "አልሃምዱሊላህ! ድሮ ከነበረችበት ቤት አጠገብ ነው የምኖረው። ራሷ መጥታ በራችን ላይ ቆመች። ልናገር ብዬ ባለፈው ገበያ ብመጣ፣ የእናንተ ሰው የተሰረቀች እያለ ይጮሃል። ልጆች አሉኝ እህቴ፤ እኔ ብታሰር ማን ያበላቸዋል?"

አጎቴን ጠርቼ የሰውዬው ግቢ ስንደርስ ባዝራዋ ገለባ እየበላች ነበር። ቆዳዋ ተጠርጎ ያበራል። ማንም አልሰረቃትም። ተወልዳ ያደገችበት ቀዬ ናፍቋት በእግሯ ሄዳለች። አጎቴ የተቀነጠበ ጆሮዋን ሲዳብስ ቆየና "እንስሳ እኮ ነው" አለ። የከድርን ስም ግን አላነሳም። መሽቶ ስለነበር እዚያው አደርን።

በማግስቱ ባዝራዋ ላይ ወጥቼ አጎቴን ከኋላዬ ትቼ ጋለብኩ። ቤት ስደርስ ሽማግሌዎቹ ቁርስ እየበሉ ነበር። ከድርን በማለዳ አስምለውታል። ምሎ እንዳበቃ ማጭዱን እንኳ ሳይወስድ ሄዷል። በሮቤ መንገድ ጋልቤ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ፤ ያየው ሰው አልነበረም።

ተመልሼ አባቴን "ሌባ ያላችሁት በገበያ ነው፤ አይደለም ማለትም በገበያ ነው" አልኩት። አጎቴ ሳቀ። "ለአንድ አጫጅ?" አለ። አባቴ ባዝራዋን ይዞ ወደ በረት ሄደ። በሚቀጥለው ገበያ እኔው ድንጋይ ላይ ቆሜ "ከድር አልሰረቀም!" ብዬ ጮኽኩ። "የማን ልጅ ናት ይህቺ?" እያሉ ነው የሳቁብኝ። ስርቆቱን ሲያወሩ ግን አንድም ሰው አልሳቀም ነበር።

ፌቨን ይህን ሰምታ "እንፈልገው" አለችና ስሙን ጻፈች። ከድሮች ተግተለተሉ፤ አርሲ በከድር የተሞላ ነው። "ሌላ ምልክት ይጨምሩልኝ እማማ። የአባቱ ስም ማን ነው?" አለችኝ።  አንድ ሙሉ አጨዳ በገበታችን የበላ ሰው ነው፤ የአባቱን ስም የጠየቀው ከመካከላችን ማንም አልነበረም።

አምና የድሮ ሰፈራችን ለቅሶ ሄጄ አንድ ሽማግሌ ጠይቄ ነበር። "ከድር፣ ከድር…" ሲሉ ቆዩና ፊታቸው በራ። "አሃ! ያ ባዝራ የሰረቀው?"

በዚያ ስም ብጠይቅ የሚያስታውሰው ሰው አላጣም ነበር። አልጠይቅም። "የገብስ አጫጅ ብለሽ ጻፊ" አልኳት ፌቨንን፤ "ሮቤንም ጨምሪበት። ካልተገኘም ሌላ ቃል እናስባለን።"