ልጄን «አክስቴ» ያሰኘሁበት ሳምንት

በ2001 ዓ.ም. ክረምት ነው። ጅቡቲ ላይ ክረምት ማለት ዝናብ ሳይሆን ፊት የሚጋረፍ ትኩስ ነፋስ ነው። መዋሸቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ። ልጄን መቆንጠጤን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም።

የሀብታሞች ሰፈር በሆነው ሀራሙስ፣ አንድ ቪላ ውስጥ አዳሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ማዳም ስትቀጥረኝ ልጅ እንዳለኝ ጠየቀችኝ፤ ልጅ ያላት ሠራተኛ አትፈልግም ነበር። የለኝም አልኩ። የአምስት ዓመቷ ሊያ ግን ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈራችን፣ ገበያ ልብስ ከምትሸጠው፣ የድሬዳዋ ተወላጅ ከሆነችው ጎረቤቴ ከእትዬ ፋጡማ ጋር ነበረች። ሐሙስ ማታ እየሄድኩ የዕረፍት ቀኔን አርብን አብሬያት እውል ነበር።

እትዬ ፋጡማ ለሠርግ ድሬዳዋ ስትሄድ ሊያን ወደ ቪላው ወሰድኳት። ለማዳም «የእህቴ ልጅ ናት፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ» አልኩ። ሊያን ደግሞ «አክስቴ በይኝ» አልኳት። ጨዋታ መስሏት ሳቀች። አንድ ቀን ግን ማዳም ፊት «እማዬ» ስትል ጭኗን ቆነጠጥኳት። እኔ ነኝ የቆነጠጥኳት፣ በዚህ በማማትብበት እጄ። አላለቀሰችም። «አክስቴ» ብላ አስተካከለች። እናቱን በመጥራቱ ልጅ ይቀጣል?

ወደ ሰፈር ከመለስኳት በኋላም አልተወችውም። «አክስቴ፣ ውሃ ስጪኝ።» ለመንኳት፤ ተቆጣኋት። በተቆጣኋት ቁጥር ድምጿ እየቀነሰ ሄደ። ትታው የነበረውን አልጋ ማርጠብም ጀመረች። ልጄን ያጣሁ መሰለኝ።

«ሠርግ በልቼ ስመለስ አክስት ሆነሽ ጠበቅሽኝ?» አለች እትዬ ፋጡማ። ምክንያቱን አልነገርኳትም። «አቦ፣ መርማሪ አትሁኚባት። ቁጭ ብለሽ አጫውቻት፣ የሆዷን ራሷ ታወጣዋለች። ደግሞ እሷ ትዘዝሽ፤ አንቺ እንደሆነ ማዘዝ ትወጃለሽ።»

አርብ ከሰዓት ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። እሷ እናት፣ እኔ ልጅ ሆንን። ሻሼን ራሷ ላይ አሰረች። በባዶ የቲማቲም ጣሳ ወጥ ሠርታ አጎረሰችኝ፣ አልተኛሽም ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እንግዳ መጣ። አክስቴ በይኝ፣ እሺ?»

«አልልም። አንቺ እናቴ ነሽ።»

«እቆነጥጥሻለሁ።»

«ብትቆነጥጪኝም አልልም።»

ትክ ብላ አየችኝ። «አልልም ማለት ይቻላል እንዴ?»

ይቻላል አልኳት። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ነገርኳት፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ሻሹን ፈታ ራሴ ላይ ጣለችው። «እሺ እማዬ፣ አሁን አንቺ እናት ሁኚ። እኔ ደክሞኛል።»

እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ተመስገን።

ሥራዬን ፈርቼ ነው ልል እችላለሁ። ፈርቼም ነበር። ፍርሃቱ የእኔ ሆኖ ቁንጥጫው በእሷ ላይ ማረፉን ግን በምን ላመካኝ? አላመካኝም።

በማግስቱ ጠዋት የሊያን እጅ ይዤ ሀራሙስ ሄድኩ። ማዳም በሩን ስትከፍት፣ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጣት፣ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ «ይቺ ልጄ ናት፤ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። ከዚያ ሊያ እንድትሰማው ያንኑ በአማርኛ ደገምኩት።