ጥያቄ ቁጥር አራት

ከእሷ ጋር አሥራ አንድ ዓመት አንሶላ አጥፌያለሁ። የሆስፒታል አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ አንዷ ሁለቱን ጫፍ፣ ሌላዋም ሁለቱን ጫፍ ይዛ ወጠር ታደርገዋለች፣ ከዚያ ተጠጋግቶ ማገጣጠም ነው። በቀን ስንት መቶ ጊዜ ፊት ለፊት እንገናኛለን፤ ከአፏ ግን ቃል የሚወጣው በስንት ጭንቅ ነበር። ማጠቢያ ክፍላችን ምድር ቤት ስለሆነ ማሽኖቹ ሲያጓሩ አያነጋግርም፤ እሷ ግን ማሽኖቹ ሲጠፉም ያው ናት። "እሜቴ ዝምታ" እንላት ነበር። ባሏ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም። "የኔ ሚስት ለጎረቤት እንደምን አደራችሁ ለማለት ከሦስት ቀን በፊት ትዘጋጃለች" ይላል።

እንግዲህ የማታውቀውን ሰው በር አንኳኩታ ስለ ክርስቶስ ለመናገር ልሠልጥን ብላ የተመዘገበችው ይህች ሴት ናት።

ሰበቡ አንዲት ታማሚ ነበሩ። አንድ ቀን ንጹሕ አንሶላ ይዛ ፎቅ ስትወጣ እኚህ አሮጊት እጅጌዋን ያዝ አድርገው፣ "የኔ ልጅ፣ እስቲ አንድ ደግ ነገር በይኝ፤ ጸሎትም ቢሆን" አሏት። አፏ ተሳሰረ። "እመለሳለሁ" ብላ ወጣች። በማግስቱ ስትመለስ አልጋው ባዶ ነበር። ያ ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

ሥልጠናው በቤተ ክርስቲያኗ የሕፃናት መማሪያ ክፍል ስድስት ቅዳሜ ነበር። ሃያ ጎልማሶች ለሕፃናት በተሠሩ ወንበሮች ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደርሶ ይቀመጣሉ። አሠልጣኙ ቀድሞ የኢንሹራንስ ሻጭ የነበረ፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ ሰው ነው። "በር ሲከፈት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉ፤ የሚያፈገፍግን ሰው ማንም አይፈራም" ይላል። "ዝምታ እንዳታስገቡ። ዝምታ ከገባ ሰውዬው አመለጣችሁ ማለት ነው።" ለእያንዳንዳቸው አምስት ጥያቄ የታተመበት ካርድ አደላቸው። አራተኛውን "መንጠቆው" ይለዋል፤ "ዛሬ ማታ ቢሞቱ የት እንደሚሄዱ እርግጠኛ ነዎት?" የሚል ነው።

እሜቴ ዝምታ በልምምዱ ላይ ላብ በላብ ሆነች። ሁለተኛውን ጥያቄ ዘለለች፣ ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ጠየቀች። አሠልጣኙ፣ "እህቴ፣ የያዝሽው እኮ የምሥራች ነው! አንቺ መርዶ ልታረጂ የመጣሽ ትመስያለሽ" ሲላት ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ቤቷ ሄዳ በባሏ ላይ ተለማመደች፤ እሱ የመኝታ ቤቱን በር ከፈት ያደርግና ገና "ጤና ይስጥልኝ" ስትል "አልገዛም!" ብሎ ይዘጋባታል። ቢሆንም አልተወችም።

በሰባተኛው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ወጡ። የእሷ ጥንድ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት ነበሩ፤ ሁሉም ሰው እትዬ ይላቸዋል። አምስት ፎቅ ያለው የመኖሪያ ሕንፃ ደረሳቸው። አንደኛ ፎቅ ላይ ማንም አልከፈተም፣ ሁለተኛው ላይ ውሻ ጮኸባቸው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ በአንዱ ቤት ደጃፍ ሁለት የአበባ ጣሳዎች ተቀምጠው አየች፤ አንዱ ላይ "ውሃ በሦስት ቀን አንዴ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከጎኑ ያለውን በር አንኳኩ።

የከፈተላቸው አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ጺሙን ተላጭቶ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። እትዬ ገና ራሳቸውን ሳያስተዋውቁ "ግቡ" አላቸው። "አሠልጣኙ ግቡ ስለሚል ሰው ያስተማረን ነገር አልነበረም" ትላለች እሷ።

ገቡ። ቤቱ ከልክ በላይ ንጹሕ ነው። ፍሪጁ ከሶኬት ተነቅሎ በሩ ተከፍቷል። ግድግዳውን ተደግፈው በገመድ የታሰሩ ካርቶኖች አሉ፤ "ለእህቴ"፣ "ለልጄ"፣ "ለመሥሪያ ቤት" ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ጠረጴዛው ላይ ቁልፎች በፖስታ ውስጥ ተቀምጠዋል።

"ቤት እየለቀቁ ነው?" አሉ እትዬ።

"አዎ፣ እየለቀቅሁ ነው።"

በተከፈተው የመኝታ ቤት በር ፍራሹ ይታያል፤ ብርድ ልብሱና አንሶላው በአራት በአራት ታጥፈው እግርጌ ተቀምጠዋል። እኛ ታማሚው የማይመለስበትን አልጋ የምናዘጋጀው እንደዚያ ነው። ዓይኗ እዚያው ቀረ፤ ምክንያቱን ግን ገና አላወቀችውም።

እትዬ በተማሩት መሠረት ሄዱ። አንደኛውን ጠየቁ፣ መለሰ። ሁለተኛውን ጠየቁ፣ መለሰ። በትሕትና ነው የሚመልሰው፣ ግን ልቡ እዚያ የለም። ከሦስተኛው በኋላ እትዬ ሳል አስቸገራቸውና "ቀጥይ ልጄ" ብለው ካርዱን ለእሷ አሳለፉት።

እሷም አነበበች። "ዛሬ ማታ ቢሞቱ የት እንደሚሄዱ እርግጠኛ ነዎት?"

ሰውዬው መጀመሪያ እትዬን፣ ከዚያ እሷን አየ። ፊቱ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር መጣና ተበላሸ።

"ዛሬ ማታ?" አለ። "ማን ነገራችሁ?"

እትዬ ነገሩ አልገባቸውም፤ መንጠቆው የያዘ መስሏቸው ወደ አምስተኛው ሊሻገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እሜቴ ዝምታ እጇን ጉልበታቸው ላይ ጫነች። ፍሪጁ፣ ካርቶኖቹ፣ ለጎረቤት የተተወው አበባ፣ አልጋው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተገጣጠመላት።

"ወንድሜ፣ ራስህን ልታጠፋ ነው ያሰብከው?"

ካርዱ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ የለም። አንቱታውም የት እንደጠፋ አታውቅም። ሰውዬው ወንበሩን ገፍትሮ ተነሣ።

"ውጡ።"

እትዬ ቦርሳቸውን አቅፈው ብድግ አሉ። "ተነሺ ልጄ፣ እንሂድ፣ ተቆጥተዋል።"

እሷ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም።

"ውጡ አልኩ! ማን ጠራችሁ? የሰው ቤት ገብቶ እንዲህ ይባላል?" ጮኸ። የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። "ፖሊስ እጠራለሁ!"

"ጥራ" አለችው። "ሰው ቢበዛልኝ ደስ ይለኛል።"

በሩን በርግዶ ከፈተና እጀታውን እንደያዘ ቆመ። ሊመታት ይችላል፣ ጎትቶ ሊያወጣት ይችላል፤ ሁሉም ይታሰባታል። ከእሱ ይልቅ ግን ያስፈራት ከወጣች በኋላ በሩ ሲዘጋ የምትሰማው ድምፅ ነበር። እትዬ ደፉ ላይ ደርሰው ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩአት። ከዚያ እንደ መከፋት ብለው ተመለሱና ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

"እኔም ጉልበቴን ያመኛል" አሉ። "ያንን ሁሉ ደረጃ አሁን አልወርድም።"

ሰውዬው ሁለቱን ሴቶች እያፈራረቀ አየ። በሩን ዘጋው፤ በጀርባው ተደግፎት ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሸሚዙ ተጨማደደ።

አሠልጣኙ አታስገቡት ያለው ዝምታ ገብቶ መሀላቸው ተቀመጠ። እትዬ ሁለት ጊዜ ጥቅስ ሊጀምሩ ቃጣቸው፤ ሁለቴም ጉልበታቸውን ጫን አደረገቻቸው። ለእሷ ዝም ማለት ብርቋ አይደለም።

በመጨረሻ እሱ ራሱ ጀመረ። የክሬን ኦፕሬተር ነው። ከአራት ወር በፊት ሕንፃ ሥራ ላይ ሰንሰለት ተላቀቀ፤ ከሥር የነበረው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ጓደኛው ነው። "ጠራሁት። ከላይ ሆነህ ስትጮህ ታች አይሰማም። መረመሩኝና ነጻ ነህ አሉኝ። ወረቀትም ሰጡኝ። ለማን ላሳየው? ለእሱ?" ከሰው ጋር መነጋገር ሲያቆም ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ወላጆቿ ጋ ሄዳለች። "እስቲ አሁን ካርድሽ ምን ይላል?"

"ካርዱ ላይ የለም" አለችው። "እኔም አላውቅም። ዛሬ ግን ብቻህን ትቼህ አልሄድም።"

"እስከ መቼ ትቀመጫለሽ? ነገም ቀን ነው።"

"ነገን ነገ እንየው። ያ ካርቶን ለእህቴ ይላል። እህትህ የምትፈልገው ካርቶኑን ነው ወይስ አንተን?"

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ስልኩ ጠፍቶ ከቁልፎቹ ጋር ፖስታው ውስጥ ነው። ራሷ ልታነሣው ትችል ነበር፤ አላነሣችውም። ተነሥታ ፖስታውን አቀበለችውና መዳፏን ዘርግታ ቆመች። "አትንገሪያት፣ ትደነግጣለች" አለ። "ትደንግጥ" አለችው። እጇ እስኪደነዝዝ ጠበቀች። ስልኩን ከፍቶ ሲያቀብላት እንባው አገጩ ላይ ደርሶ ነበር።

እህቱ በሃምሳ ደቂቃ ውስጥ ደረሰች፤ ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጋለች። ምንም ሳትናገር ወለሉ ላይ አጠገቡ ተቀመጠችና ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ አደረገችው። አራቱም አንድ ታክሲ ውስጥ ታጭቀው ወደ እኛ ሆስፒታል መጡ። ተረኛዋ ሐኪም አነጋግራው በዚያው አስተኛችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሪፖርት ነበር። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ አንዱ ጥንድ ሃያ ሦስት በር፣ ሌላው አሥራ ስምንት። የእሷ ተራ ደረሰ።

"የተከፈተልን አንድ በር" አለች።

"ያመነ?"

"የለም።"

"በአራት ሰዓት ውስጥ አንድ በር?" አለ፤ ሰዉ መሳቅ ጀመረ። እትዬ ፊታቸው ቀልቶ ሊነሡ ሲሉ በዓይኗ ያዘቻቸው። የሰው ገመና ነው፤ ሰሌዳ ላይ አይወጣም። ውርደቱን ዋጥ አድርጋ ተቀመጠች።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ግን አሠልጣኙን በሩ ላይ ጠበቀችው። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ ሳትናገር የሆነውን ነገረችው። "አራተኛው ጥያቄ ይውጣልን" አለችው።

"እህቴ፣ በዚያ ጥያቄ ስንቱ ንስሐ እንደገባ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም። 'አዎ፣ ዛሬ ማታ' ብሎ ለሚመልስ ሰው ግን ምን እንደምንል አላስተማርከንም። እኔ ባልቀመጥ ኖሮ ጠይቀነው እንሄድ ነበር።"

ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ አራተኛውን ጥያቄ ደጋግሞ አነበበው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ጋበዘ፤ ሙሉውን ቅዳሜ አስተማረችን። 'አስተማረችን' ያልኩት፣ በዚያን ጊዜ እኔም ተመዝግቤ ስለነበር ነው። ጥያቄው አልወጣም፤ አሁን ግን ከመጠየቃችን በፊት ቤቱንም ሰውዬውንም ማየት እንማራለን።

እሷ ግን የተኛውን ሰውዬ ልትጠይቀው ፎቅ ለመውጣት ፈርታ ነበር። በተኛ በዘጠነኛው ቀን አንሶላ ማድረሱን ሰበብ አድርጋ ሄደች። አልጋው ላይ ተቀምጧል።

"ያን ቀን ለምን አልወጣሽም?" አላት።

"የማምነው ጌታ በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል ይላል መጽሐፉ" አለችው። "ውጣ ሲሉት እሺ ብሎ የሚሄድ አይመስለኝም።"

"እኔ እንኳ አላምንም።"

"አውቃለሁ።"

"ቢሆንም ንገሪኝ።"

ነገረችው። ስለ አሮጊቷ፣ ስለ ፍርሃቷ፣ የምትጸልየው ምን እያለች እንደሆነ። ታች እኔ አንሶላ ይዤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጠበቅኋት። ሌሎች እንደሱ ያሉ እንዲሰሙት ለሰው ንገሪው ያላት ራሱ ነው፤ እኔም የሰማሁት ከዚያ ወዲህ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ወጣ። እስካሁን ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ሁለቴ ጠይቃዋለች፣ ሁለቴም "አስብበታለሁ" ብሏታል።

ከወጣ በኋላ አንድ ነገር ለምኗታል፤ የሟቹ ጓደኛው ሚስት ጋ አብራው እንድትሄድ። ከአደጋው ወዲህ ዓይኗን አይቶ አያውቅም። ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ ሊመለስ አለ፤ ሦስት ጊዜ ክንዱን ያዘችው። ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ነበር። ስታየው ፊቷ ነጣ። ትጮህበት ይሆን፣ ትሰድበው ይሆን ብላ እሜቴ ዝምታ ክንዱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

"የት ነበርክ?" አለችው ሴትዮዋ። "ይህን ሁሉ ወር አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው አጣሁ እኮ።"

ልጆቿ ከትምህርት ቤት እስኪመጡ ድረስ እዚያው ዋሉ።