ከሠርጉ በፊት የተወለደ ብርሃን

ምራቴ ምን እንደምትሠራ ሲጠይቁኝ ድሮ «ኮምፒውተር ላይ ናት» ብዬ እገላገል ነበር። ምን ልበል? ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች እዚያ ሰማይ ላይ ተጋጭተው አንድ ሲሆኑ ጠፈሩ ይናወጣል፣ መናወጡን የሚሰሙ መሣሪያዎች አሉ፣ የእሷ ሥራ ደግሞ ያ ግጭት ብርሃን ትቶ እንደሆነ መፈለግ ነው ብል ማን ይሰማኛል? እኔው ራሴ መጀመሪያ ስትነግረኝ፣ «ጥቁር ነው እያልሽ ብርሃን ትፈልጊለታለሽ? ጤና የለሽም እንዴ!» ብያታለሁ።

እሷ መቼ ትቀየማለች! «እማዬ፣ እነሱማ ብርሃን የላቸውም። ዙሪያቸውን ጋዝ ካለ ግን ሲጋጩ ያግሉትና ሊያበራ ይችላል» አለችኝ።

«ያበራል ወይስ ሊያበራ ይችላል?»

«ሊያበራ ይችላል» አለችና ሳቀች። እንግዲህ በዚህች «ይችላል» ነው ስንት ዓመት የተቀመጠችው።

የምትሠራው ሳሎናችን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ነው። ቴሌስኮፑ ካነሳው አዲስ ፎቶ ላይ ኮምፒውተሩ የድሮውን ይቀንሳል፤ የተረፈችው ነጥብ አዲስ ነገር ናት። እሷ ደግሞ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እያየች፣ «ይሄ የፈነዳ ኮከብ፣ ይሄ አላፊ ድንጋይ፣ ይሄ የካሜራ ቆሻሻ» እያለች ትጥላለች። ምስር ስትለቅም የዋለች ይመስል ዓይኗ ይቀላል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ «እማዬ፣ ይምጡ!» ብላ ጮኸች። የያዝኩትን ጥዬ ሮጥኩ። ብሄድ ነጥብ! ሰሞኑን ግጭት ተሰማ በተባለበት ቦታ ላይ፣ ከሌሎቹ ጋር የማትመሳሰል ነጥብ። አለቃዋ በስልክ፣ «በይ በራስሽ ስም አውጪው» አላት። በስሟ ማስታወቂያ ሲወጣ የመጀመሪያዋ ነው፤ እሱን አይተው የዓለም ትልልቅ ቴሌስኮፖች ወደዚያ ይዞራሉ። ደጋግማ አንብባ ላከችው። እኔም እልል አልኩ።

አፌ ደግሞ መቼ አርፎ ይቀመጣል! በቀጥታ ምድር ቤት ወዳለችው ፋርማሲስት ወረድኩ። ይቺ ሴትዮ «ልጄ ሐኪሙ እንዲህ አደረገ» እያለች ስታደርቀኝ ነው የኖረችው። «ምራቴ የጥቁር ጉድጓድ ብርሃን አገኘች!» አልኳት። እስከ ምሳ ሰዓት ሕንጻው በሙሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሲለኝ ዋለ።

በማግስቱ ከገበያ ስመለስ ምራቴ ፊቷ ጠቁሮ ጠበቀችኝ።

«ምነው፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሌላ ቴሌስኮፕ ያነሳው የቆየ ፎቶ አገኘሁ። ነጥቧ ግጭቱ ከመሰማቱ በፊት መድመቅ ጀምራ ነበር።»

«ልጁ ከሠርጉ በፊት ተወለደ በይኛ!»

እንባዋ እየወረደ ሳቋ አመለጣት። «አዎ እማዬ፣ አባቱ ሌላ ነው።»

«ያንን ፎቶ ሌላ ሰው አይቶታል?»

«ማንም። አለቃዬም አላየውም።»

«እንግዲያው ዝም በያ!» አልኳት። ምን ላድርግ፣ ፋርማሲስቷ ታይታኝ ነው።

«ዝም ካልኩ እነዚያ ሁሉ ቴሌስኮፖች ሥራቸውን ጥለው በከንቱ ይለፋሉ። ሰዎቹ እኮ አምነውኝ ነው» አለችኝ። ከዚያ «ትናንት ያወጣሁት ስህተት ነው፤ ይቅርታ» ብላ ጻፈች። ላከችውም። ግንባሯን ሳምኳት።

ሰው ሳይነግራት ልቅደም ብዬ ወደ ፋርማሲስቷ ወረድኩ። ገና ስታየኝ፣ «እህ፣ የምራትሽ ብርሃን ከምን ደረሰ?» አለችኝ።

«የጥቁር ጉድጓዶቹ አልሆነም። ስህተት ነው።»

«ውይ በሞትኩት! ማን አጋለጣት?»

«ራሷ! ማንም ሳይነቃባት፣ ማንም ሳይጠይቃት። አንቺ እንደዚህ ያለ ሰው ታውቂያለሽ?»

መድኃኒቱን እንደያዘች ቆማ አሰበች።

«እኔ አብሬያት ነው የምኖረው» አልኳት።