ከበሩ የተጀመረ ወለል

የሥራ ባልደረቦቿ «ውሃ ልክ» ይሏታል፤ እሷ ሴራሚክ ያነጠፈችው ወለል ላይ ጠብታ ውሃ እንኳ ወዲህም ወዲያም አይንሸራተትም። ቤቷ የምትገባው ግን ስሚንቶውን ከጥፍሯ ሥር ፈግፍጋ ካጠበች በኋላ ነው። ልጇ ለጓደኞቿ «እማዬ ቢሮ ነው የምትሠራው» ስትል ሰምታ እንዳልሰማች ካለፈች ይኸው ሁለት ዓመቷ።

ሰኞ ከሰዓት ልጅቷ ደብተሯን ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ ‹ቁጢጥ አለ› ማለት ምንድን ነው? ዓረፍተ ነገር ሥሩበት ተብለናል።»

ከእናትየዋ አፍ ጉልበቷ ቀደመ፤ ተረከዟን ሳታነሣ ቁጢጥ አለች።

«ውይ እማዬ፣ ስትችይበት!»

«እይ፣ መቀመጥ አይደለም፤ መቀመጫዬ መሬት አልነካም። መንበርከክም አይደለም፤ የተንበረከከ ይለምናል። ቁጢጥ ያለ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ብድግ ይላል።»

«ታዲያ ማን ቁጢጥ አለ ብዬ ልጻፍ?»

«እ... እንቁራሪት በይ» አለቻት።

በነጋታው አለቃዋ የት ቢልካት ጥሩ ነው? ልጇ ትምህርት ቤት፣ የመምህራን ክፍል ወለል እንድትሠራ። ሴራሚክ አንጣፊ ከውስጠኛው ግድግዳ ይጀምርና ወደ በሩ እያፈገፈገ ነው የሚሠራው። እሷ ግን በእረፍት ሰዓት በሩ ላይ እንዳትታይ ብላ ከበሩ ጀመረች። ደወሉ ሲደወል ጥግ ገብታ፣ ባልደረቀ ሴራሚክ ታጥራ፣ ቁጢጥ እንዳለች ቀረች።

አለቃዋ በሩ ላይ ብቅ ብሎ ሳቁን ለቀቀው።

«ኧረ ውሃ ልክ! ራስሽን በራስሽ አሰርሽ እኮ! በክንፍ ልትወጪ ነው?»

ሳቁን የሰሙ ልጆች ግር ብለው መጡ። የእሷዋም ከመካከላቸው ነበረች።

«እማዬ? ቢሮ አይደል እንዴ የምትሠሪው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ መሬቱን ግን ራሷ ደፍናዋለች።

«ዋሽቼሽ ነው፣ የኔ ልጅ። ሥራዬ ይኼ ነው።»

ልጅቷ ጫማዋን እያየች ቅር ብሏት፣ «እኔ እኮ እንቁራሪት ብዬ ጻፍኩ» አለች።

ከአለቃው ሳቅ ይልቅ አንገቷን ያስደፋት ይኼ ነው። አራት ሴራሚክ አንድ በአንድ ነቅላ መንገድ ከፍታ ወጣች። ልጆቹ ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ የነቀለችውን ትመልስ ጀመር።

«አላፊ አግዳሚው እንዳያይሽ በሩን ገርበብ ላድርገው?» አላት አለቃዋ።

«ተወው» አለች ቀና ሳትል። «ልጄ ስትወጣ በዚህ ነው የምታልፈው።»