የመኔር አንጁሎ ቋጠሮ

ይህን ለባለቤቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ ስሙኝና ፍረዱኝ። እኔ አባቴን ክጃለሁ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ ቦታው ሮተርዳም ነው። ሚቺኮ የምትባል ጃፓናዊት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልልቅ ሽመና ትሠራ ነበር፤ እኔ ደግሞ የምትሠራበትን አዳራሽ አጸዳለሁ። አንድ ቀን ከተወጠረው ድር አንዱ ክር ተበጠሰ። መጥረጊያዬን ጣል አድርጌ፣ ጣቴን በምራቄ ነካ አድርጌ ቋጠርኩት። ሳላስበው! አባቴ ሽሮ ሜዳ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከቶ ሲሸምን፣ የተበጠሰውን የምቀጥልለት እኔ ነበርኩ።

ሚቺኮ ቋጠሮውን በጥፍሯ ዳሰሰችና ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ። «አባቴ» ብል ምን ነበረበት? እሷ ራሷ የሸማኔ ልጅ ነኝ ብላ በኩራት የምታወራ ሴት ናት። እኔ ግን «ካንቺ አይቼ ነው» አልኳት። ሰፈር ውስጥ ሸማኔን በሚሰድቡበት ስም «የቁጢት በጣሽ ልጅ» እየተባልኩ ያደግኩበት እፍረት እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ ነበር።

እሷ ግን፣ እግዜር ይስጣትና፣ መጥረጊያውን አስጥላ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ሰው የሆንኩት ያኔ ነው።

ሥራው ዴንሃግ ከተማ ለእይታ ሲቀርብ ያገሬ ሰዎችም መጡ። እትዬ አስካለ የሚባሉ፣ እዚያው ከተማ ሙርዋይክ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ ሴት፣ «አንተ! አገርህ ሳለህ ሸማኔ ነበርክ እንዴ?» ብለው ሰዉን አሳቁብኝ።

«ኧረ በስመአብ! እኔ የአስተማሪ ልጅ ነኝ» አልኩ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እንደገና ካድኩት።

ዞር ስል ከሽመናው ጎን የተለጠፈችውን ካርድ አየሁ። በሆላንድኛ፣ «ቋጠሮዎቹ የመኔር አንጁሎ ናቸው፤ ምስጋናዬ ይድረሳቸው» ትላለች። መኔር ማለት አቶ ማለት ነው። እዚህ አገር ሰው የሚጠራው በቤተሰብ ስም ስለሆነ፣ እኔን ሁሉም የሚጠራኝ በአባቴ ስም ነው። ሚቺኮም እኔን ማመስገኗ ነበር። አንጁሎ ግን እኔ አይደለሁም። አንጁሎ አባቴ ነው።

ልጁ በካደው አዳራሽ ውስጥ ባዕድ ሰው ሳታውቀው አመሰገነችው! ሚቺኮን ስለዚህ እድሜ ልኬን ሳመሰግናት እኖራለሁ። እኔስ? ካርዷን አይቼ እንኳ አፌን ከፈትኩ? አባዬም ይህን ሳይሰማ አለፈ።

ልጅ ነበርኩ፣ ስደተኛ ነበርኩ አልልም። ያን ቀን ለተጠየቅኩት አሁን ልመልስ፦ አባቴ አንጁሎ ሸማኔ ነበር። ያስተማረኝ እሱ ነው።