የንፉጓ ቤት

ባለፈው ሳምንት ወልድያ ወደምሠራበት ቢሮ አንዲት ተማሪ መጣች። በሐብሩ ወረዳ የድሮ ባላባቶች ስላሠሯቸው ቤቶች የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀች ነበር። እኔም በዚሁ ጉዳይ እንደጻፍኩ ሰምታለች። ገና እንደተቀመጠች፣ «ከመርሳ በላይ ያለውን ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ሰዉ ለምን የንፉጓ ቤት ይለዋል?» አለችኝ።

እንደማላውቅ ነገርኳት። አውቃለሁ።

ቤቱን የለመድኩት በጦርነቱ ክረምት ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴ ተቋርጦ ከወልድያ ሸሽቼ መርሳ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። ሥራ መፍታቱ ሲያስጨንቀኝ ሜትርና ደብተር ይዤ በየጠዋቱ በጭቃው ዳገት እወጣ ጀመር። ግንቡ ክንድ ከስንዝር ይወፍራል፤ መስኮቶቹና የሰገነቱ እንጨት በሙሉ የተቀረጹ ናቸው። የቤቱ ባለቤት እማማ ዘይነባ ቤቱን ያሠሩት ባላባት የልጅ ልጅ ነበሩ። መሬቱ በአብዮቱ ጊዜ ተወስዶ የቀራቸው ቤቱና በጓሮው ያለው ጥቂት የብርቱካን ዛፍ ብቻ ነው። አያታቸው «ይህ በር በሰው ላይ አይቆለፍ» ብለው ስለነበር ቤቱ ቁልፍ አያውቅም። በክፉ ቀን መንደሩ በሙሉ የሚጠለለው እዚያ ነበር።

የጎረቤታቸው የጋሽ ሰይድ አባት የዚያ ቤት ጭሰኛ ነበሩ። ጋሽ ሰይድ ግን የእማማ ወዳጅ ናቸው። የተጠበሰ እሸት በቆሎ ያመጡልኝና ይቀልዱብኛል።

«ግንቡን ስትጨርሺ እኔንም ትለኪኝ ይሆን? እኔም እኮ አሮጌ ነኝ!»

በቆሎውን እየፈለፈልኩ እስቃለሁ።

ተኩሱ ወደ መርሳ ሲቀርብ የእማማ ልጅ ከደሴ መኪና ይዛ መጣች። ለእኔና ለአክስቴም ቦታ ተገኘ። ልንነሣ ስንል ዓይኔ ከመስኮቶቹ አልላቀቅ አለ። ያልጨረስኩት ንድፍ ነበረኝ። ያን ሰዓት ያሰብኩት እማማንም፣ ጎረቤቶቹንም አልነበረም።

«እማማ፣ ይቆልፉት» አልኳቸው። «ይህ ቤት ቅርስ ነው። ተዋጊዎቹ ክፍት ካገኙት እንጨቱን ማገዶ ያደርጉታል።»

«ሰውስ ልጄ? መግቢያ ቢያጣስ?»

«ሁሉም እየሸሸ ነው እኮ።»

ጥቂት አሰቡ። «እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አሉ።

ሰንሰለቱንና ጓጉንቸሩን ከአክስቴ ሱቅ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ከወራት በኋላ ስንመለስ ከቤቱ አንዲት እንጨት አልጎደለችም። ደስ አለኝ። ያ ደስታዬ ዛሬም ያሳፍረኛል። ወዲያው ጎረቤቶቹ ሊጠይቁን መጡና የሆነውን ነገሩን። ተዋጊዎቹ በዋናው መንገድ አለፉ እንጂ ወደ ዳገቱ አልወጡም። ከባድ መሣሪያ የተተኮሰ ቀን ግን ያልሸሹት ሁሉ ወደ ትልቁ ቤት ሮጡ። በሩ ተቆልፏል። አንዱ ሊሰብረው ድንጋይ ሲያነሣ ጋሽ ሰይድ፣ «ተው! የእሜቴ ዘይነባ አማና ነው፣ አደራ አይነካም» ብለው ያዙት። ከዚያ ወደ ሸለቆው ወረዱ። የጋሽ ሰይድ ባለቤት ፋጡማ የሞተችው እዚያ በፍንጣሪ ተመትታ ነው። ጓጉንቸሩ የመለሰው ጎረቤቶቹን ብቻ ነበር።

አንዲት ሴት፣ «እማማ፣ ለመንገደኛ የማይዘጋ በር ለኛ ጊዜ ተዘጋ?» አለች።

እማማ ወደ እኔ ዞር አላሉም። «የቆለፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ለንብረቴ ሳስቼ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ልናገር አልኩ፤ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝና አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ወዲህ መንደርተኛው በደጃፉ ሲያልፍ ሰላም ይላል እንጂ አይገባም። እማማ በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። ስለ ቤቱ የጻፍኩት የመመረቂያ ጽሑፍ ጥሩ ውጤት አግኝቶ ነበር።

ተማሪዋ ከሄደች በኋላ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ መርሳ ወረድኩና ለጋሽ ሰይድ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«እሳቸው በሕይወት ሳሉ ብትነግሪኝ ኖሮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ደጃቸውን መርገጥ አላቆምም ነበር። ብቻቸውን ነው የሞቱት።»

ስለ ፋጡማ ሞት ጦርነቱንም እወቅሳለሁ። ስለ እማማ ብቸኝነት ግን ከእኔ ሌላ የምወቅሰው የለም።